384 ከየት መጣ? ከጅማ ሳይኮሎጂ ወደ ማስተርስ ስለመዘጋጀት የተከፈተ ክር

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ መማር ይፈልጋል፤ ከቀናው ውጭ አገር፣ ካልሆነም አዲስ አበባ። ድምር ውጤቱ 3.10 ነው። ዕቅዱ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ውጤቱን 3.5 ማድረስና ለጂአርኢ፣ ማለትም ውጭ አገር ለድኅረ ምረቃ ለሚያመለክቱ ለሚሰጠው ፈተና፣ መጽሐፍ ገዝቶ ቃላት መሸምደድ። ሲኒየር ኤሴዩን፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቱን፣ ለመጨረሻው ሴሚስተር አቆይቶታል። ርዕሱ የፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት) እና የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎችን የራስ ግምት ማነጻጸር፣ መለኪያው የሮዘንበርግ የራስ ግምት መጠይቅ፣ ናሙናው 384 ሰው። ይህ ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም በቀረው አንድ ዓመት ተኩል ምን መጨመር እንዳለበት ጠየቀ። መልሶቹን በየቁጥራቸው አወጋለሁ፤ እየተከታተልን ነው ከማለት ሌላ ያልጨመሩትን ዘልያቸዋለሁ።

መልስ 1። ሰላምታው የሚያምር፣ ሂሳቡ የማይምር ነው። እስካሁን 90 ክሬዲት አልቆ 54 ይቀራል ብለን ብንነሳ፣ 3.10 በ90 ሲባዛ 279 ነጥብ ነው። በቀሩት ኮርሶች ሁሉ ኤ ቢመጣ 216 ይጨመራል፤ 495 ለ144 ሲካፈል 3.44 ይሆናል። አንድም ሳይስት እንኳ 3.5 አይሞላም። ሁሉም ኤ ማይነስ ቢሆን ደግሞ 3.34 ላይ ይቆማል። መላሹ ስለዚህ 3.5 የሚለውን ቁጥር እንዲረሳና ጉልበቱን ገና ሊለወጥ በሚችል ነገር ላይ እንዲያውል መከረው።

መልስ 2 ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ። ድምሩ ብዙ ባይነቃነቅም ትራንስክሪፕት የሚያነብ ሰው ድምሩን ብቻ አያይም። ዓይኑ የሚያርፈው ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂካል ሜዠርመንት፣ ሪሰርች ሜትድስና አብኖርማል ሳይኮሎጂ ላይ ነው። በእነዚህ ላይ ሲ ይዞ በኮመን ኮርስ ኤ የደረደረ ሰው ጥያቄ ያስነሳል። በሌላ በኩል ከዓመት ዓመት እየወጣ የመጣ ውጤት፣ ድምሩ እኩል ሆኖ እየወረደ ከመጣው ይሻላል።

መልስ 3 ጂአርኢ ዋናው በር ነው ብሎ ጠያቂውን ደገፈ። መልስ 4 አረመው፣ ትንሽም ሸንቆጥ አደረገው። አገር ውስጥ ለሚቀር ሰው ጂአርኢ ዋጋ የለውም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው ወንፊት የመውጫ ፈተናው ነው፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ቀጥሎ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት፣ ይመጣል። እሱ የቃል፣ የቁጥርና የማመዛዘን ችሎታ እንጂ ፍሮይድን አይጠይቅም። ውጭ ለሚያመለክት ደግሞ ብዙ የሳይኮሎጂ ክፍሎች ከ2020 እ.ኤ.አ ወዲህ ጂአርኢን ትተውታል። የሚጠይቁትን ትምህርት ቤቶች ሳይለዩ ለፈተና በዶላር መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው። ፈተናው ራሱ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ ወዲህ አጥሮ 2 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጡት ወፋፍራም መጻሕፍት የተጻፉት ለቀድሞው ፈተና ነው። ለእንግሊዝኛ ፈተና፣ ማለትም ለአይኤልትስና ለቶፍል፣ ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ስለሆነ ከጂሲ ዓመት በፊት መቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

መልስ 5 ሲመጣ የክሩ መልክ ተቀየረ። ጸሐፊውን ሁሉም መምህር እያለ በአንቱታ ነው የሚጠራቸው። ጠያቂው ያቀደው ሁሉ ቢሰምርለት እንኳ ከሌላው አመልካች የሚለየው አንድም ነገር እንደሌለው ነገሩት። መራጭ ኮሚቴ ከዲግሪ ተማሪ የሚፈልገው አንዲት ትንሽ ጥናት በንጹሕ እጅ መሥራቱንና ሲሠራ ያየ መምህር መኖሩን ነው። ሲኒየር ኤሴዩ የመጨረሻ ሴሚስተር ግዴታ መሆኑ ቀርቶ የዝግጅቱ ልብ መሆን አለበት። ከዚያ ድንገት 384 ከየት እንደመጣ ጠየቁ።

መልስ 6 ጠያቂውን ቀድሞ ገባ። ቁጥሩ የታወቀ ነው፣ አድቫይዘሮች ይቀበሉታል፣ ዲፌንስ ላይም ማንም አይነካውም አለ። በአንቱታ ጀምሮ በአንቱታ ቢጨርስም መሐሉ ላይ መምህሩ ተማሪ ማስጨነቅ እንደሚወዱ ሳይጠቁም አላለፈም።

መልስ 7፣ አሁንም መምህሩ፣ የክሩ ረጅሙ ነው፤ ሊነበብም የሚገባው። 384 የሚመጣው 1.96ን በራሱ፣ ከዚያ በ0.5፣ እንደገና በ0.5 አባዝቶ በ0.05 ስኩዌር በማካፈል ነው፤ 384.16። ይህ ስሌት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በአንድ ትልቅ ሕዝብ ውስጥ አንድ ነገር ያላቸው ሰዎች ስንት በመቶ እንደሆኑ፣ በ5 ነጥብ ወዲያና ወዲህ ስህተትና በ95 በመቶ እርግጠኝነት። የጠያቂው ጥናት ግን መቶኛ አይፈልግም፤ የሁለት ቡድኖችን አማካይ ያነጻጽራል። ለዚያ ጂ-ፓወር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ስድስት ነገር መሙላት ነው፦ የፈተናው ዓይነት ለሁለት የተለያዩ ቡድኖች የሚሆን ቲ-ቴስት፣ ባለ ሁለት ጫፍ፣ አልፋ (ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድል) 0.05፣ ፓወር (ልዩነት ካለ የማግኘት ዕድል) 0.80፣ የቡድኖቹ ምጥጥን 1፣ የሚጠበቀው ልዩነት በኮሄን ዲ (የአማካዮቹ ልዩነት በስታንዳርድ ዲቪየሽን ሲለካ) 0.5። መልሱ በቡድን 64፣ በድምር 128 ነው። ልዩነቱ 0.3 ብቻ ነው ተብሎ ከተጠበቀ ግን በቡድን 176 ይሆናል። ስለዚህ 384 አንዳንዴ ሦስት እጥፍ ይበዛል፣ አንዳንዴ ልክ ይመስላል፣ ልዩነቱ 0.2 ከሆነ ደግሞ ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ያኔ የሚያስፈልገው በቡድን 394 ነውና። ዲፌንስ ላይ ገምጋሚ ሲጠይቅ እነዚያን ስድስት ቁጥሮች በፕሮፖዛሉ ላይ የጻፈ ተማሪ መልስ አለው። 384 የጻፈ ግን የጓደኛውን ፕሮፖዛል ነው የሚያሳየው።

መልስ 8 ናሙና ለማስላት የሚያገለግለውን የያማኔን ቀመር አነሳ፤ ጠቅላላውን ቁጥር ለ1 ሲደመር ጠቅላላው በስህተቱ ስኩዌር ተባዝቶ ማካፈል። 2000 ተማሪ ካለ 333 ይሰጣል፤ ይህ ለምን ከ384 ማስተካከያ እንደሚለይ ጠየቀ። መልስ 9 ነገሩን በሁለት መስመር ፈታው። ያማኔ 1.96ን ወደ 2 አጠጋግቶ ስለሚነሳ መነሻው 384 ሳይሆን 400 ነው። 384ን ለ2000 ሰው ብናስተካክለው 322 አካባቢ ይመጣል። ሁለቱም ለመቶኛ እንጂ ለማነጻጸር እንዳልተሠሩ ደግሞ አስታወሰ።

መልስ 10 የዶርም ነገር አመጣ፤ እኔ በበኩሌ ከመምህሩ ቀጥሎ የወደድኩት ይህን ነው። ተማሪ የሚሰበሰበው በዶርም ከሆነ፣ የአንድ ዶርም ልጆች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ 6 ሰው የ6 ሰው መረጃ አይሰጥም። መመሳሰሉ 0.1 ቢሆን 1 ሲደመር 5 በ0.1፣ ማለትም 1.5 ይሆናል፤ ናሙናው በዚያ መባዛት አለበት፣ 128ቱ 192 ይሆናል። ወይም ከእያንዳንዱ ዶርም አንድ ሰው ብቻ በዕጣ መውሰድ፤ ያኔ ችግሩ ራሱ ይጠፋል። መልስ 11 ወረቀት ለማይመልሱት 10 በመቶ ጨምሩበት አለ። መልስ 12 ደግሞ መጨመር ሳይሆን ለ0.9 ማካፈል ነው ብሎ አረመው፤ 192 በ1.1 ሲባዛ 211.2፣ ለ0.9 ሲካፈል 213.3። ለሁለት ሰው ይህን ያህል ቃላት መለዋወጣቸው ያስቃል፣ ግን ልክ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ሸሸ። መልስ 13 ክራክ የተደረገ ኤስፒኤስኤስ፣ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ፣ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። መልስ 14 ከፕሪንት ቤት በፍላሽ የሚገለበጠው ፕሮግራም ፋይሎችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ይዞ እንደሚመጣ፣ የጂሲ ዓመት ዳታ በዚያ መንገድ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ በምትኩ ጃስፕና ጃሞቪ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ጠቆመ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ቲ-ቴስት፣ አኖቫ፣ ሪግሬሽንና የክሮንባህ አልፋ (የአንድ መጠይቅ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር) ሁሉም አላቸው። መልስ 15 መብራትና ኔትወርክ አብረው በሚጠፉበት የክረምት ማታ ሶፍትዌር ማውራት ቅንጦት ነው ብሎ ቀለደ፤ መልስ 16 ስለ ጅማ ዝናብ አማረረ። መልስ 17 ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት ያዝ እንደሆነ ጠየቀ፣ መልስ 18ም በአጭሩ አያዝም አለ። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ ነው ወደዚያ የሚሄደው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ኒው ሜክሲኮና ሉዊዚያና ያሉ ጥቂት ግዛቶች ብቻ ተጨማሪ ሥልጠና ለወሰደ ሳይኮሎጂስት ይፈቅዳሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያለው የተቀናጀ ክሊኒካልና ማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ማስተርስ ከሳይኮሎጂ ማስተርስ የተለየ መንገድ ነውና ማስታወቂያውን ሳያነቡ አንድ ናቸው ብሎ ማመልከት አያዋጣም።

መልስ 19 ጠያቂው ርዕሱን ትቶ ጫትና የትምህርት ውጤት ላይ እንዲሠራ መከረ፤ ጅማ ሆኖ ከዚህ የተሻለ ምን አለ በሚል። መልስ 20 ተቆጣ። ጫት ይቅማሉ ወይ፣ ውጤታቸውስ ስንት ነው ብሎ በአንድ ቀን ወረቀት የሚጠይቅ ጥናት መንስኤውን ሊያሳይ አይችልም፤ የሚቅም ውጤቱ ወርዶ ይሁን ውጤቱ የወረደ መቃም ጀምሮ ይሁን በምን ይለያል? አዎ ወይም አይደለም ብቻ መጠየቅም ለፈተና ሳምንት የሚቅመውንና በየቀኑ የሚቅመውን አንድ ላይ ይከታል። ቢያንስ ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን፣ በአንድ መቀመጫ ስንት እስር፣ ስንት ሰዓት ተብሎ ይጠየቅ። ወረቀቱን የክፍሉ መምህር ቆሞ ከሰበሰበው ደግሞ ማንም እውነቱን አይጽፍም። ቃሉ ሸካራ ነበር፣ ይዘቱ ግን የሚጣል አልነበረም።

መልስ 21 ከሁሉ የከፋው ነው። የተሠራ ሪሰርች በርዕስ መርጦ መግዛት እንደሚቻል ገልጾ ስልክ ቁጥር አስቀመጠ። ቁጥሩ ተሰረዘ፤ መልስ 22 እና 23 ግን አልተሰረዙም፣ ሁለቱም እሳት ነበሩ። አንደኛው የተገዛ ጽሑፍ የሚጋለጠው ዲፌንስ ላይ ሳይሆን የማስተርስ ቃለ መጠይቅ ላይ እንደሆነ አመለከተ። ሠንጠረዥ ሦስት ላይ ያለው የነፃነት ደረጃ ለምን 126 ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ፣ 128 ሰው ሲቀነስ 2 ቡድን ማለት ያልቻለ ሰው ዳታውን ነክቶት አያውቅም።

መልስ 24 ክሩን ወደ ጉዳዩ መለሰው፤ ስለ ትርጉም። የሮዘንበርግ መለኪያ 10 ጥያቄ፣ 4 ደረጃ አለው፣ ግማሾቹ በአሉታ የተጻፉ ናቸው። አማርኛ ላይ ችግሩ ድርብ ነው፤ የምኮራበት ነገር የለኝም ለሚል ዓረፍተ ነገር አልስማማም ብሎ መመለስ አንባቢውን ሁለት ጊዜ ያገለብጠዋል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም፣ ተቀምጠው አንድ ያድርጉት፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ልዩነቱ ይታይ። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ተማሪ ጋር ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው ቃል እንዲደግሙት መጠየቅ። መልስ 25 ጅማ ላይ ይህ በአማርኛ ብቻ እንደማያልቅ አሳሰበ። በአፋን ኦሮሞም ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ቅጂዎች ደባልቆ አንድ አልፋ ከመዘገብ በየቋንቋው ለየብቻ ማውጣት። አንዱ 0.80 ሌላው 0.55 ከሆነ፣ የታየው ልዩነት የሰዎቹ ሳይሆን የትርጉሙ ሊሆን ይችላል።

መልስ 26 ስለ ፈቃድ ነው። ተማሪው ሁሉ ከዲፓርትመንት የሚሰጠውን የትብብር ደብዳቤ የሥነ ምግባር ፈቃድ አድርጎ ይይዘዋል። ደብዳቤው የሚለው ተባበሩት ብቻ ነው፤ የመላሹን ፈቃድ፣ የስሙን ምስጢርነትና የጉዳት መከላከያውን ማንም አልመረመረም። ጥናቱን ውጭ አገር ጽሑፍ ላይ ማውጣት ወይም ለፒኤችዲ ማመልከቻ ማያያዝ የሚፈልግ፣ ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ይያዝ፤ ከተሰበሰበ በኋላ አይሰጥም። ድብርት ለመለካት ፒኤችኪው-9ን ለሚጠቀሙ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 10 እና ከዚያ በላይ እንደ መለያ ይወሰዳል፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ግን ራስን ስለመጉዳት ነው። ወረቀቱን ሰብስቦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንበብ አይቻልም። በዚያው ቀን ማን ያያል፣ ማን ያነጋግራል፣ ወደ ሕክምና ማዕከሉ የሳይካትሪ ክፍል ማን ያደርሳል የሚለው አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቅ። ይህን ማዘጋጀት ያልቻለ ሌላ መለኪያ ይምረጥ።

መልስ 27 የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አተኮረ። ሦስት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ሦስቱም ኮርስ ካስተማሩ መምህራን ቢመጡ ሦስት ቅጂ የአንድ ነገር ነው። አንዱ ቢያንስ ዳታ ሲያጸዳ ካየው ሰው ይምጣ። መምህሩን ከ6 ሳምንት በፊት መጠየቅ፣ የትምህርት ውጤቱን፣ ሲቪውን፣ የሚያመለክትባቸውን ቦታዎች ከነመዝጊያ ቀናቸው በአንድ ገጽ መስጠት። አንዳንድ የማመልከቻ ገጾች ከጂሜይል የሚመጣን ደብዳቤ ስለማይቀበሉ የመምህሩን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል መጠየቅ አይረሳ። ሲቢቲፒን፣ ማለትም ማኅበረሰብ ውስጥ ወርደው የሚሠሩትን የተግባር ሥልጠና፣ እንደ እረፍት የሚቆጥሩትንም ነካ አደረጋቸው። ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት ቆጥሮ፣ መጠይቅ አዘጋጅቶ፣ ሪፖርት የጻፈ ሰው ሲቪው ላይ የሚያሰፍረው ሥራ አለው፤ የራሱን ድርሻ ከቡድኑ ለይቶ ከጻፈው።

መልስ 28 የውጭውን መንገድ አሳጠረው። አሜሪካ ውስጥ ክሊኒካል ፒኤችዲ ማስተርስ ሳይኖር በዲግሪ ይገባል፣ ብዙውን ጊዜም ክፍያው ይሸፈናል፤ ፉክክሩ ግን አንገት ያስደፋል። ማስተርስ በአብዛኛው ከኪስ ነው። የማመልከቻ መዝጊያው በብዛት ከዲሴምበር 1 እስከ 15 ነው፤ ኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የጂሲ ተማሪ ገና አልተመረቀም፣ የሚልከው ጊዜያዊ ትራንስክሪፕት ነው። እኩለ ሌሊት በኒው ዮርክ ሲባል እኛ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ቀኑም ተቀይሯል። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ከምረቃ በቀጥታ አይሆንም። ጀርመን ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ ወዲህ ወደ ሳይኮቴራፒ ፈቃድ የሚወስደው ማስተርስ በሕጉ መሠረት የተዋቀረ የመጀመሪያ ዲግሪ ይፈልጋል፤ ለምርምር የሚሆኑት ማስተርሶችም የስታቲስቲክስ ክሬዲት ይቆጥራሉ። ስለዚህ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ በማኅተም ከግቢ ሳይወጡ ማስወጣት። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል እንደማይለቀቅም ከወዲሁ ቢታወቅ ይሻላል።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጠያቂው በመልስ 29 ተመለሰ። ርዕሱን አልቀየረም፣ 384ን ግን ትቶታል። ለሙከራ 30 ሰው ላይ ሞክሮ የሮዘንበርግ አልፋ 0.31 ወጣበት። ሶፍትዌሩ ሲጣል አልፋን ከፍ ያደርጋሉ ያላቸውን አምስት ጥያቄዎች ቢያወጣ 0.74 ይደርሳል፤ ይጣሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 30 በፍጥነት ከለከለው። የሚጣሉት አምስቱ በትክክል በአሉታ የተጻፉት ከሆኑ፣ የተበላሸው መለኪያው ሳይሆን መገልበጡ ነው፤ 4 ደረጃ ላይ እያንዳንዱ መልስ ከ5 መቀነስ አለበት፣ 4 ወደ 1፣ 3 ወደ 2። ጠያቂው በመልስ 31 ገልብጫለሁ ብሎ ማለ።

መልስ 32 መምህሩ ናቸው። የእያንዳንዱን ጥያቄ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር እንዲለጥፍ ጠየቁት። ለጠፈ፤ ሁሉም በ1 እና በ4 መካከል ነበር፣ ባዶ ለተተወ የሚገባው 99 አልተደባለቀም። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቁት፦ ወረቀቱን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ማን ነው? በመልስ 33 መለሰ፤ የዶርም ጓደኛው ነው፣ እሱም ለመርዳት ብሎ አሉታዎቹን እያስገባ ገልብጧቸዋል። ጠያቂው ደግሞ በሶፍትዌሩ እንደገና ገልብጧቸዋል፣ ያውም በዚያው ዓምድ ላይ።

መልስ 34 የመምህሩ ነው፣ አጭር። 30ዎቹን ወረቀቶች ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ቁጥራቸው ላይ የተጻፈበትን መለያ እየተከተለ፣ እንደተከበቡት እንዳሉ እንደገና እንዲያስገባ፤ መገልበጡን በሌላ ስም በአዲስ ዓምድ እንዲሠራ፤ ጓደኛውንም እንዳይቆጣ፣ ሁለተኛ አስገቢ አድርጎ እንዲያቆየውና ሁለቱ ያስገቡትን እንዲያነጻጽር። መልስ 35 ጠያቂው ነው፤ አልፋው 0.78።